ሳንክሽን በቀይ እስክሪብቶ

ሰውዬው ደረጃውን በግድግዳው እየተደገፈ ወጥቶ የትርጉም ቤቱ በር ላይ ሲደርስ፣ ተርጓሚዋ ገና ከድምፁ አወቀችው። «እንግሊዝኛ የሚተረጎመው እዚህ ነው?» አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርሷን የነከሰችበት ሰው ነው፤ በሐሳቧ ስንት ጊዜ እንዳዋረደችው ቤት ይቁጠረው። እሱ ግን አላወቃትም። ዓይኑም ደክሟል፤ ደግሞስ እንዲህ ያለ ሰው ማንን እንደበደለ መች ያስታውሳል!

ድሮ ፋብሪካው ውስጥ አለቃዋ ሳለ «ቀይ እስክሪብቶ» ነበር የሚባለው። እሱ ያላረመው ወረቀት ከቢሮ አይወጣም። ትክክል የሆነውንም ቢሆን አንድ ቦታ ካልሞነጨረ እጁን ይበላዋል።

ያኔ ማሽን ሠሪው የውጭ ድርጅት አንድ ደብዳቤ ላከ። የፋብሪካው ዋና መካኒክ፣ የተርጓሚዋ ታላቅ ወንድም፣ እነሱ ዘንድ ሄዶ እንዲሠለጥን «ሳንክሽን» መደረጉን ይናገራል። እሷም «ሥልጠናውን ፈቅዷል» ብላ ጻፈች። ቀይ እስክሪብቶ ከሬዲዮ ዜና የለቃቀማትን እንግሊዝኛ ይዞ፣ «ሳንክሽን ማዕቀብ ነው፤ ይህን ያጣሽ ምን ትተረጉሚያለሽ?» አለና ሰርዞ «ሥልጠናው ላይ ማዕቀብ ጥሏል» አደረገው። ብትለምነው፣ ብትከራከረው፣ ወይ ፍንክች! የመሄጃው ቀን አለፈ። ድርጅቱ «ሰውዬው የት ቀረ?» ብሎ ሲጠይቅ ጉድ ፈላ። ቀይ እስክሪብቶም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ቃል የማታውቅ ተርጓሚ ይዘን ምን እናድርግ?» አለ።

ከሥራ መባረሯስ ይሁን። ያንገበገባት የወንድሟ ነገር ነው። በቀይ የተሞነጫጨረውን ረቂቅ ይዛ ቤቱ ድረስ ብትሄድ፣ «አለቃሽ ላይ ለማላከክ ራስሽ የጻፍሽው ነው» ብሎ በሩን ዘጋባት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን «እህቴ» ብሎ ጠርቷት አያውቅም። አሁን ከትርጉም ቤቷ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የራሱን ጋራዥ ከፍቷል፤ በዚያ ስታልፍ ከመኪና ሥር አይወጣም።

«ይቀመጡ፣ አባቴ» አለችው ሰውዬውን።

«የዓይኔን ነገር ለውጭ ሐኪሞች አመልክቼ ነበር። ይኸው መልሱ መጣ። በአጉሊ መነጽር ስፈልገው 'ሳንክሽን' የምትል ቃል አገኘሁበት። ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመስኩም። ምን አጥፍቼ ነው ማዕቀብ የጣሉብኝ? እሱን ብቻ ንገሪኝ፣ ልጄ።»

ደብዳቤውን አነበበችው። የሐኪሞቹ ቦርድ ቀዶ ሕክምናውን ፈቅዷል። እስከ ዓርብ «እመጣለሁ» ብሎ ካልመለሰ ግን ተራው ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል። ቀኑ ረቡዕ ነው።

«ማዕቀብ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ኧረ ልጄ! እኔ እኮ አለቃ ነበርኩ። ስንቱን ተርጓሚ አርሜያለሁ መሰለሽ!»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረችና «ማዕቀብ ጥሏል» ብላ ጻፈች። ማኅተም መምታት ብቻ ነው የቀረው። ዕድሜ ልኩን በገዛ ቃሉ ይደናበር! ውሸት ምን ያደርጋል፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ወረቀቱን አትማ ማኅተሙን ስታነሳ ነው ከግርጌው የራሷን ስም ያየችው። እጇ አየር ላይ ቀረ። አሥራ ሁለት ዓመት «ይህን እኔ አልጻፍኩም» ስትል ኖራ አሁን ልትፈርምበት ነው። እውነትም ቃል የማታውቅ ተርጓሚ ልትሆንለት ነው። ወረቀቱን ቀድዳ ጣለችው።

እንደገና ጻፈች፤ «ፈቅዷል» ብላ። ማኅተሙን መታችና ፖስታ ውስጥ አሸገችው። ከዚያ ከመሳቢያዋ ያን የገረጣ ረቂቅ አውጥታ ፊቱ ዘረጋች። «ያንብቡ። ቀዩ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ አይጠፋዎትም።»

በአጉሊ መነጽሩ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ያኔ ላስረዳዎ ብል እምቢ ያሉኝን ቃል አሁን ይስሙ። ከጥንት ላቲን የመጣች ናት፤ ሥሯ 'ቅዱስ' ከሚለው ጋር አንድ ነው። አንድን ነገር ቀድሶ ማጽናት ማለት ነበር። የጸናው የተፈቀደ ነው፤ የጸናውን የደፈረ ደግሞ ይቀጣል። ስለዚህ ፈቃድም ናት፣ ቅጣትም ናት። የትኛዋ እንደሆነች የሚለየው ደብዳቤውን እስከ መጨረሻ ያነበበ ሰው ነው።»

«ለኔስ የትኛዋ ናት?»

«ወንድሜ ፊት እውነቱን ሲናገሩ እሰጥዎታለሁ። ይነሱ።»

መንገድ ላይ ክንዱን አልያዘችውም፤ ፊት ፊት ሄደች። እሱ የጫማዋን ድምፅ እየተከተለ ይደናቀፋል። እርምጃዋን አላዘገየችለትም።

ወንድሟ ዛሬ ከመኪና ሥር ሳይገባ ደረሱበት። ሰውዬው ረቂቁን ዘረጋና፣ «ይሄ ቀይ የኔ ነው። እሷ ልክ ጽፋ ነበር። ሰርዤው ስጠየቅ በሷ አሳበብኩ» አለ።

«ጮክ ይበሉ» አለችው። መካኒኮቹ ሁሉ መፍቻቸውን አስቀምጠው እየሰሙ ነው። ደገመው።

ያኔ ፖስታውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ፈቅዷል። እስከ ዓርብ መልስ ይላኩላቸው።» ሰውዬው ፖስታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ እያለቀሰ ወጣ። ይበለው!

ወንድሟ ረቂቁን እያገላበጠ ዘይት የነካካ ጣቱን ቀዩ ጽሑፍ ላይ አስኬደ። «እህቴ» አለ፤ ቃሉ አፉ ላይ ከበደው። «ነግረሽኝ ነበር። አላመንኩሽም። በድዬሻለሁ።» በርጩማ ሳበላት። «ቁጭ በይ እስቲ፣ ሻይ ልጥራልሽ።»

«ይቅር» አለችው።

ፊቱ ፈካ፤ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ። ወዲያው ደግሞ የዘረጋው እጅ ቆመ። ይቅር ያለችው በደሉን ነው ወይስ ሻዩን? «ምኑን?» ብሎ ሊጠይቃት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ሻዩን ነበር። አልነገረችውም። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ እስቲ እሱም በተራው አንዲት ቃል ይዞ ይክረም።