ሳይነኩት የሚደርቅ ላፕቶፕ

ሮዳስ እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመረች። ሰከንዱ ይቆጥራል።

"ምነው ዝም አልሽ? አትሠሪውም እንዴ?" አለች ፀዲ።

"እየሠራሁ ነው።"

"ፈተናው ዘጠኝ ሰዓት ነው ሮዲ። ከዚያ በፊት ሱሉልታ መግባት አለብኝ።"

"ሦስቴ ነግረሽኛል።"

ፀዲ ለጥገና ሱቁ ባለቤት ለኦቦ ኢቲቻም ነግራቸዋለች። "አካም ቡልቴ" ብለው የጠዋት ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ የውጭ ኩባንያ፣ ቤት ተቀምጦ መሥራት፣ የመጨረሻ ዙር ፈተና እያለች ዘረዘረችላቸው። ማስታወቂያውን ያገኘችውም ለፀዲ የላከችላትም ሮዳስ ነበረች። ሁለቱም አመለከቱ፤ ሮዳስ በመጀመሪያው ማጣሪያ ወደቀች። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ዶርም ውስጥ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም ለፀዲ የጫነችላትም እሷ ናት። አሁን ግን ሮዳስ ቡራዩ ተቀምጣ የሰው ላፕቶፕ አቧራ ትጠርጋለች።

"ሱሉልታ ሁለት ቦታ አሳይቼዋለሁ" አለች ፀዲ። "አንዱ ፋኑን ቀየረው። ሌላው ሃርድ ዲስኩ ነው አለ። እነሱ ጋ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ቤት ስወስደው ስታክ ያደርጋል።"

"የሱሉልታ መብራት ይሆናላ" አሉ ኦቦ ኢቲቻ ከፕሪንተሩ ጀርባ።

"በባትሪም ያደርጋል እኮ።"

ሮዳስ ላፕቶፑ የሚይዘውን የሥራ መዝገብ አስቀድማ አይታዋለች። ስህተት የሚባል የለበትም፤ መሃል ላይ ይቋረጥና ላፕቶፑ እንደገና ሲበራ ይቀጥላል። ስታክ ሲያደርግ ምን እየሠራች እንደነበርም ጠይቃታለች። "ምንም፤ እያነበብኩ፣ እያሰብኩ" ነበር መልሷ። ባለሙያዎቹ ሁሉ ፋይል እየከፈቱ፣ ቪዲዮ እያጫወቱ ነው የፈተኑት። እጁን ሰብስቦ የጠበቀው የለም።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ሰከንዱ ቆመ። ማውሱም አልንቀሳቀስ አለ።

"ይኸው" አለች ሮዳስ። "ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲያጣ ይተኛል። ከዚያ መንቃት ያቅተዋል።"

አጥፍታ አበራችውና ገና ሲነሳ ፕሮሰሰሩ በጥልቀት እንዳይተኛ የሚከለክለውን አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች። አርባ ደቂቃ ሳይነኩት ተቀመጡ። ሰከንዱ አልቆመም።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

መስመሩ ግን ለዚያች አንድ ጊዜ ማብራት ብቻ ነበር። ላፕቶፑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሮዳስ ይህን ታውቃለች፤ አልተናገረችም።

ፀዲ አቀፈቻት። "ካለፍኩ ስላንቺ እነግራቸዋለሁ። ሰው መፈለጋቸው አይቀርም፣ ቢያንስ ለደንበኞች ቴክኒክ ሰፖርት ምናምን።"

ሰፖርት ምናምን። ሮዳስ ፊቷ ጋለ።

ፀዲ ላፕቶፑን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ሮዳስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የሚሆነው ታያት፦ የቆመ ሰከንድ፣ ያላለቀ ጥያቄ፣ የፀዲ እንባ። ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ፀዲ ነገ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ኦቦ ኢቲቻ እየሰሙ፣ "ሮዲ አልተሠራም እኮ" ስትል ታያት። ያን ማሰብ አልቻለችም።

ከሱቁ ወጥታ ተጣራች። "ፀዲ፣ ተመለሺ።"

ታክሲ ልትሳፈር የነበረችው ፀዲ ዞረች። "ምን ሆነ?"

"መስመሩን ቋሚ አላደረግኩትም። ስትከፍቺው ይደርቅብሻል።"

"አለቀ አላልሽም እንዴ?"

"ብያለሁ።"

ፀዲ ፊቷን አየቻትና ተከትላት ገባች። ሮዳስ ላፕቶፑን አብርታ መስመሩ የሚቀመጥበትን ፋይል ከፈተችና ከወንበሯ ተነሳች።

"ቁጭ በይ። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትጽፊዋለሽ።"

"አንቺ ብትጽፊው አይፈጥንም? ሰዓቱ እኮ እየሄደ ነው።"

"ይፈጥናል" አለች ሮዳስ። "ግን ሌላ ጊዜ እኔ ጋ እንድትመጪ አልፈልግም። ጻፊ።"