በቻይናው ቤት ለትሕትና የተነገሩ ቃላት

በ1999 ዓ.ም. ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ፣ በሰፈራችን በነበረው የቻይና ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ለትሕትና ሲል «ጠግቤያለሁ» ካለ በእርግጥ ይጠግብ ነበር። «እንብላ» ብሎ የጋበዘው ሰው ደግሞ የቱንም ያህል ቢበላ እንደ ተራበ ይወጣ ነበር።

ምግብ ቤቱ ገርጂ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ በአንድ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ይገኝ ነበር። ዐሥር ጠረጴዛዎች ነበሩት። በቀኝ ግድግዳ በኩል ከሥራቸው ውኃ የሚፈላባቸው ስምንት የቡፌ ትሪዎች ተደርድረዋል፤ በግራ በኩል ምግብ ተጠቅልሎ የሚወሰድበት የቴክአዌይ ባንኮኒ ነበር። በራፉ ላይ የተጻፈውን ስም ማንበብ የሚችል ስላልነበረ ሁላችንም «ቻይናው ቤት» እንለው ነበር። ባለቤቷ ማዳም ሹ በከተማችን ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፤ አማርኛዋ አጭር ነበር፣ ስሕተት ግን አልነበረበትም።

ነገሩ የታወቀው በአንድ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ደጀኔ የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳህኑን አምስት ጊዜ ከቡፌው ሞልቶ በላ። ሲጨርስ ወደ ማዳም ሹ ሄዶ እንደራበው አመለከተ።

«አምስት ሳህን በልተዋል» አለችው።

«አውቃለሁ። ሆዴ ሊፈነዳ ነው። ግን ርቦኛል።»

«ምግቡ መጥፎ ነው?»

«ምግቡስ ጥሩ ነው። እኔ ዘንድ አልደረሰም እንጂ።»

በዚያው ሰዓት ቴክአዌይ አዝዛ ባንኮኒው አጠገብ የቆመች አንዲት ነርስ የተጠቀለለውን ምግብ ሳትከፍተው መለሰች። ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር፤ አሁን ግን ምግብ ማየት አልቻለችም። ነርሷ በደጀኔ ጠረጴዛ አጠገብ ስታልፍ እርሱ ማንኪያውን ከፍ አድርጎ «እንብላ» እንዳላት፣ እርሷም «ብሉ፣ ጠግቤያለሁ» እንዳለችው ያስታወሰችው ፀዳለ ናት። ፀዳለ የቤቱ ዋና አስተናጋጅ ነበረች።

በእኛ ዘንድ ምግብ ፊት የተቀመጠ ሰው በአጠገቡ የሚያልፈውን ሁሉ «እንብላ» ይላል። የሚያልፈውም ሁለት ቀን ባይቀምስ እንኳ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ያልፋል። ግብዣው እንደማይፈጸም ሁለቱም ስለሚያውቁ ይባባሉታል። በቻይናው ቤት ግን ተፈጸመ። ለምሳ የሚመጡት ቻይናውያን የመንገድ ሠራተኞች አንገታቸውን ደፍተው ዝም ብለው ይበሉ ስለ ነበር የበሉት ለራሳቸው ሆነ፤ ጠግበው ይሄዱ ነበር።

«በእኛም አገር ሰው ይጋበዛል» አለችኝ ማዳም ሹ። «ግን በአማርኛ አይደለም።»

ሰፈሩ ነገሩን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመደው። ለራሳቸው መብላት የፈለጉ ሰዎች የሚያልፍ እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መቀመጥ ጀመሩ። አንዳንድ ተማሪዎች ደግሞ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተመላለሱ የሚጋብዛቸው እስኪገኝ ይጠብቁ ነበር።

«እናንተ ልጆች!» ትላቸው ነበር ፀዳለ። «ቆማችሁ ጠግባችሁ ልትሄዱ ነው? ኧረ ቢያንስ ሻይ እዘዙ፣ ለወጉ!»

በኅዳር ማብቂያ ላይ ሻምበል ጌጡ የተባሉ ጡረተኛ፣ ጓደኛቸው ዓሣ ሊጨምርላቸው ሲሞክር፣ «ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ቤቴ በልቼ ነው የመጣሁት!» ብለው ማሉ። ቤታቸው አልበሉም ነበር። ማንኪያው ወደ ሳህኑ ሳይመለስ የግራ ዓይናቸው ቦታ ግንባር ሆነ። ቆዳው ለስላሳ ነበር፤ በመካከሉ እንደ ሌላው ግንባራቸው ሁለት ቀጫጭን መሥመሮች ነበሩበት። ሕመም እንደሌለው ተናገሩ፤ ሻይም አዘዙ። በማግሥቱ በፀዳለ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ማስታወቂያ ከቡፌው በላይ ተለጠፈ፤ «በዚህ ቤት መማል፣ እንዲሁም በሞቴና አፈር ስሆን እያሉ ማስገደድ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ሻይ በነፃ ነው።»

ጋሽ ወንድይራድ ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን ይዘው የመጡት ማስታወቂያው በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን ነው። ጎረቤቶቼ ነበሩ። ጋሽ ወንድይራድ ከራዲዮ ጥገና ጡረታ የወጡ፣ ኮታቸውን ሳይቆልፉ ከቤት የማይወጡ ሰው ናቸው። የእትዬ አስካለ ጉሮሮ ከነሐሴ ጀምሮ እየጠበበ ሄዶ በጥቅምት ወር ውኃ እንኳ ማሳለፍ አቁሞ ነበር። ሐኪሞቹ በክንዷ በሚገባ ፈሳሽ ያቆዩአት ነበር፤ እስከ መቼ እንደሚያቆያት ሲጠየቁ ወደ መስኮቱ ይመለከቱ ነበር። ሠላሳ ስምንት ኪሎ ቀርታለች።

ጋሽ ወንድይራድ በማእዘኑ ጠረጴዛ አስቀመጧት። ሩዝ፣ ጎመንና በቃሪያ የተጠበሰ ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ አመጡና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«አስካለ፣ እንብላ» አሉ።

«ብላ ወንዴ፣ ጠግቤያለሁ» አለች።

በሉ። በሦስተኛው ሳህን ላይ የእትዬ አስካለ ጉንጭ ቀላ። በአራተኛው ላይ አገሳች፤ አፍራም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ጾም ነው እኮ» አለች ቀጥላ። «የበላኸው የጾም ነው አይደል?»

«የጾም ነው። አስጠይቄያለሁ። በዘይት ነው።»

«እንግዲያው ነገ ጎመኑን ቀንስልኝ። ነፋኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይመጡ ነበር። እኔም ከእነርሱ ቀጥሎ ያለውን ጠረጴዛ ያዝኩ፤ ወንበሬን አዙሬ ከአዳራሹ እከልላቸው ነበር። ጋሽ ወንድይራድ የሚያልፍ ሰው ካዩ ሳይጋብዙ መቅረት አይችሉም ነበርና፣ የእርሷ ምሳ ለመንገደኛ እንዳይሄድ ነው።

እትዬ አስካለ በገና ዋዜማ አርባ ስድስት ኪሎ ደረሰች። ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ፋርማሲ ሚዛን ላይ ያቆምኳት እኔ ነኝ። ከእርሷ በኋላ እርሳቸውንም አቆምኳቸው። በኅዳር ሰባ አራት የነበሩት ሰው ስድሳ አንድ ኪሎ ሆነዋል። ሆዳቸው ከበሮ አህሎ ነበር፤ ፊታቸውና ክንዳቸው ግን ደርቋል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የበሉት ሁሉ በሆዳቸው ውስጥ ቦታውን ይይዝ ነበር፣ ኃይሉ ግን ወደ እርሷ ያልፍ ነበር። ማታ ቤታቸው ለራሳቸው እንዳይበሉ ቦታ አልነበራቸውም። እኔ በልቼ እንዳላጠግባቸውም፣ በዚያ በተወጠረ ሆድ ላይ ጥጋብ ከተጨመረ በነጋታው ለእርሷ አራት ሳህን መብላት አይችሉም ነበር።

«ለእትዬ አስካለ እኔ ልብላ» አልኳቸው። «አንድ ቀን እርስዎ፣ አንድ ቀን እኔ።»

«ኅሩይ፣ አክባሪዬ ነህ» አሉኝ። «ግን ሚስቱን ጎረቤት ቀለበለት ልባል? እኔ ቆሜ?»

«ማን ይሰማል?»

«እርሷ ትሰማለች።»

ከዚህ በኋላ አላነሣሁትም። አንስቼው ቢሆን ኖሮ የተሻለ ነበር።

ጥር ዐሥራ ስምንት ቀን አምሳ ሁለት ኪሎ ነበሩ። ከታክሲው ወደ በሩ ለመድረስ የእርሷን ትከሻ ያዙ። እትዬ አስካለ እጃቸውን አየች፤ ጣታቸው ላይ የነበረው የጋብቻ ቀለበት እንዳይወልቅ በክር ተጠምጥሞ ነበር። ተቀመጡ፤ ምግቡ መጣ።

«አስካለ፣ እንብላ።»

ዝም አለች።

ደግመው ጠሩአት። የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ታጥፍ ጀመር። በዚያን ቀን ጋሽ ወንድይራድ የበሉት ለራሳቸው ሆነ። በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠገቡ፤ ስለ ጠገቡም አለቀሱ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን የእርሳቸው ፊት ትንሽ ወዝ አወጣ፤ እትዬ አስካለ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ መያዝ አቃታት። ሐኪም ቤት ወስደናት ነበር። የክንዷ ሥሮች ከእንግዲህ መርፌ እንደማይቀበሉ ነግረውን መለሱን።

በአራተኛው ቀን አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቅ ስለ ነበር የሚያወራ አልነበረም። ፀዳለ የሾርባ ሳህኖች የያዘ ትሪ ተሸክማ ከኋላዬ ቆማለች።

«አስካለ፣ እንብላ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

ዝም አለች።

«ሰው ሲጋብዝ ዝም ይባላል?»

«ይባላል።»

«እናትሽ እንዲህ ነው ያሳደጉሽ?»

«እናቴ ባልሽን ብዪ ብላ አላሳደገችኝም።»

ጋሽ ወንድይራድ ሳቁ። እርሷም ልትስቅ ሞከረች፣ አቅም አጣች።

«እኔ ያረጀሁ ሰው ነኝ» አሉ። «ብሄድ የሚጎድል የለም።»

«እኔ ደግሞ ኮረዳ ነኝ? ተወኝ ወንዴ። ጠግቤ ልቅበርህ?»

«አንድ ቃል እኮ ነው።»

«አልልም።»

«ጋሼ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል» አለች ፀዳለ።

ጋሽ ወንድይራድ ቀና ብለው ማስታወቂያውን ተመለከቱ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ያላወቁት ነገር እንዳልነበረ የምመሰክረው ስለዚህ ነው። የኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፉ።

«በሞቴ» አሏት። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

በእኛ ዘንድ ለዚህ ቃል የተለመደ መልስ አለ፤ «እኔ ልቅደም» ይባላል። ሰው አስቦ አይመልሰውም። ስሙን ሲጠሩት «አቤት» እንደሚል ከአፉ ይወጣል። በአዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ እትዬ አስካለ አፍ ዞረ።

«እኔ ል...» አለች።

ፀዳለ ትሪውን ለቀቀችውና በመዳፏ የእትዬ አስካለን አፍ ከደነችው። ሳህኖቹ ተሰበሩ። ትሪው ወለሉ ላይ እየዞረ ረጅም ጊዜ ጮኸ፤ እስኪያርፍ ድረስ ፀዳለ መዳፏን አላነሣችም።

«እትዬ» አለቻት በጆሮዋ፣ «እርሳቸው ብለውታል፤ የወጣ ቃል አይመለስም። ሁለታችሁም እንዳትሄዱ። ሌላዋን ቃል ይበሉ። ያችን የለመዷትን።»

መዳፏን አነሣች።

«ጠግቤያለሁ» አለች እትዬ አስካለ።

ጋሽ ወንድይራድ ማንኪያቸውን አነሡ። አውቶቡስ እንዳያመልጠው እንደሚቸኩል ሰው ፈጥነው፣ ነገር ግን በሥርዓት በሉ። ሳህኑን ጨረሱ። ሌላ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ፤ ሩዝና ዶሮ ሞልቼ አመጣሁላቸው፤ ያንንም ጨረሱ። አፋቸውን ጠረጉ፤ ናፕኪኑን በአራት አጠፉት። ከዚያ ግንባራቸውን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳርፈው ሞቱ።

እትዬ አስካለ አገሳች። ማንም አልሳቀም።

ማዳም ሹ ከወጥ ቤቱ ወጥታ የቡፌውን እሳት አንድ በአንድ አጠፋች። ደንበኞቹ ወንበራቸውን ወደ ቦታው እየመለሱ ወጡ። በጥር መጨረሻ ቤቱ ለመንገድ ማስፋፊያ ፈረሰ። ማዳም ሹ በሌላ ሰፈር አዲስ ምግብ ቤት ከፈተች፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ በልቻለሁ። በዚያ ቤት «ጠግቤያለሁ» ያለ ሰው እንደ ተራበ ይወጣል።

እትዬ አስካለን ከቀብሩ በኋላ እኅቷ ወደ ቢሾፍቱ ወሰደቻት። ጉሮሮዋ እንደ ተዘጋ ስለ ነበር የመርዶዋን ወሬ ስጠብቅ ቆየሁ፤ አልመጣም። ቀስ በቀስም መጠበቄን ተውኩ።

በ2010 ዓ.ም. ፀዳለን በአንድ ሰርግ ላይ አገኘኋትና የሚከተለውን ነገረችኝ። እትዬ አስካለ አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ በአፏ የገባ እህል የለም፤ ውኃም የለም። ጋሽ ወንድይራድ በሞቱ በሦስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአልጋዋ እንደ ተጋደመች ጠገበች፤ ከዚያ በኋላም አንድ ቀን ሳይዛነፍ በየቀኑ ትጠግባለች። መጀመሪያ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ስድሳ ኪሎ ስትሞላ ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። ሰማንያ ስትሞላ ቄስ ጠሩ። ፀዳለ በጎበኘቻት ጊዜ መቶ አሥራ ሰባት ኪሎ ነበረች፤ በአልጋው ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ እኅቷ በአንድ በኩል እጇን ይዛላት ነበር፤ በሌላ በኩል ባዶ ወንበር ነበር።

ሰዓቱ ሲደርስ እትዬ አስካለ ወደ ባዶው ወንበር ፊቷን አዞረች።

«በቃኝ ወንዴ» አለች።

ጥቂት ጠበቀች።

«የእውነቴን ነው። በቃኝ።»

በእኛ ዘንድ ግን በቃኝ ያለን ሰው ሳይጨምሩለት አይተዉትም። ከብርድ ልብሱ በታች ሆዷ ቀስ እያለ ከፍ አለ።