የኢሪኖ አራተኛ መጽሐፍ

ሰው ቶሎ አላምንም። ይህን ጠባይ ያገኘሁት ከሥራዬ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ፍራንክፈርት ለጥገኝነት ጠያቂዎች አስተርጓሚ ነበርኩ። ጀርመኑ ይጠይቃል፣ እኔ በአማርኛ አቀርባለሁ፣ ሰውየው ይመልሳል፣ እኔ በጀርመንኛ አቀርባለሁ። የትኛው ታሪክ የራሱ እንደሆነ፣ የትኛው መንገድ ላይ ከጓደኛ የተለቀመ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር። የማውቅ ይመስለኝ ነበር ማለት ይሻላል።

ስለዚህ ቺናሚ ኢሪኖ የምትባል ጃፓናዊት ኡንተርሊደርባህ ካለው ቤታችን በላይ ያለውን ፎቅ ስትከራይ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠረጠርኳት። ደራሲ ነኝ አለች። ደራሲ ሆና የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ከሚታይበት ሰፈር ምን ትሠራለች? ባለቤቴ ኪሮስ «ጸጥታ ፈልጋ ይሆናላ» አለኝ። ኪሮስ በሰው ላይ ክፉ አያስብም፤ ብዙም አይናገርም። ከእሱ ጋር መኖር ሬዲዮ በተበላሸበት ቤት እንደ መኖር ነው።

ሁለት ዓመት አብራን ኖረች። ከኪሮስ ጋር ወደ ሽሬበርጋርተናችን፣ ባቡር ሐዲዱ ዳር ወደተከራየናት የአትክልት ቦታ፣ እየሄደች ፍጅል ትተክል ነበር። እኔ ዘንድ ደግሞ ሻይ ትጠጣለች። ጀርመንኛዋ ቀርፋፋ ነው፤ ጥያቄ ግን ታበዛለች፣ መልሱንም እስከ መጨረሻው ትሰማለች። እንዲህ አድርጎ የሚሰማ ሰው የሆነ ነገር ይፈልጋል ብዬ ስለ ብርዱና ስለ ገበያ ብቻ አወራኋት። ከዚያ ወደ አገሯ ተመለሰች፣ እኔም ተገላገልኩ አልኩ።

ባለፈው መስከረም ልጄ ፀሎት የኢሪኖን አዲስ መጽሐፍ በጀርመንኛ ተተርጉሞ አግኝታ አመጣችልኝ። «ማማ፣ ዳስ ቢስት ዱ» አለች እየሳቀች፤ አንቺ ነሽ ማለቷ ነው። እውነትም አስተርጓሚ ሴት አለች፣ ዝምተኛ ባል አለ፣ ጭስ ማውጫው አለ። ይሁን አልኩ። እስከ መሃሉ ድረስ እንዲያውም ደስ እያለኝ አነበብኩት። መሃሉ ላይ ሴትየዋ አንድ ቀን ጠዋት ለባሏ «ከከተማ ውጪ ቴርሚን አለኝ» ብላ ሻንጣ ይዛ ትወጣለች። ምንም ቀጠሮ የላትም፤ ጥላው መሄዷ ነው። በባቡር ካሰል ከተማ ድረስ ሄዳ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ትልና ተመልሳ ትመጣለች።

መጽሐፉን ዘግቼ ወረወርኩት። ያ ቀን የእኔ ቀን ነው። ፀሎት ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ከዚያ ዝምታ ጋር እንደማላረጅ ቆርጬ የወጣሁበት ቀን። ለምን እንደተመለስኩ ዛሬም አጥርቼ አላውቅም። ኪሮስ አላወቀም፤ ከሥራ ሲገባ ልብሴ ቦታው ተሰቅሎ ነበር። ይህን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት፦ ለተ የምላት ለተስላሴ። ያን ቀን ከካሰል ጣቢያ ስልክ ደውዬ ያለቀስኩት ለእሷ ነው። የአስመራ ልጅ ናት፣ ዞሰንሃይም ትኖራለች፤ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ እህቴ ናት።

ለተን ለመጠርጠር ሆዴ እንቢ አለ። እናም ሥራዬ እንዳስተማረኝ መጀመሪያ ማስረጃ ፈለግሁ። የኢሪኖን ሦስት የቀድሞ መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ አነበብኩ። የመጀመሪያውን የጻፈችው ገና ወጣት ሳለች ነው፤ ስለ እናቷ። ትልቅ ሽልማት አገኘችበት፣ እናቷ ግን አኮረፈቻት። ሁለተኛው ስለ ወንድሟ ነው። ሦስተኛው ሊዝበን ስላከራየቻት አሮጊት። ከዚያ ለብዙ ዓመት አንድም መጽሐፍ አላወጣችም። ቤተሰቧን ጨረሰች፣ አከራይዋን ጨረሰች፣ ከዚያ የሰው ሆድ ፍለጋ ወደ እኛ መጣች ብዬ ደመደምኩ። አንድ ጋዜጣ ላይ ደግሞ «የምጽፈው ሰዎች ፈቅደው የሰጡኝን ብቻ ነው፤ ሰርቄ አላውቅም» ብላለች። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። ፈቅዶ የሰጠ ሰው አለ ማለት ነው። እኔ አልሰጠሁም። ኢሪኖና ለተ ደግሞ እኔው ቤት፣ እኔው ባፈላሁት ሻይ ተዋውቀዋል።

ደወልኩላት። «ለተ፣ የካሰሉን ነገር ለማን ነው የነገርሽው?»

ዝም አለች። ያ ዝምታ ጨረሰኝ። ንጹሕ ሰው እንዲህ ዝም አይልም ብዬ ያልወጣኝ ቃል የለም። ወሬኛ አልኳት። ለአንዲት ጃፓናዊት ፈገግታ ብለሽ ትዳሬን ሸጥሽ አልኳት። ኪሮስ ይህን ቢሰማ በቁሜ እንደምሞት ታውቂያለሽ አልኳት። 

«ጨረስሽ?» አለች በመጨረሻ።

«አልጨረስኩም።»

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እኔ ወደ ቀኝ እሷ ወደ ግራ ሆንን።

በኅዳር ወር ኢሪኖ ጻይልስሃይም ውስጥ ባለች ትንሽ አዳራሽ መጽሐፏን ልታነብ እንደምትመጣ ሰማሁ። ጥያቄ ይፈቀዳል ይላል። ሰው ሁሉ ፊት ተነሥቼ «ማን ነገረሽ?» ልላት ወሰንኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካፖርቴን ስለብስ ኪሮስ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ብቅ አለ።

«እኔም እመጣለሁ።»

«ይሰለችሃል እኮ። ንባብ ነው።»

«ግድ የለም።»

ላስቀረው ያልሞከርኩት የለም። እንቢ አለ። አውቶቡስ ውስጥ ያን ምዕራፍ እንዳያነቡት ብቻ በሆዴ እየጸለይኩ ሄድኩ።

ኢሪኖ ሸብታለች። እኛን ስታይ ለእኔ ጎንበስ አለች፤ ለኪሮስ ግን ከዚያ ዝቅ ብላ ጎንበስ አለች። ይህ አልተዋጠልኝም። ጥቂት በጃፓንኛ አነበበች፤ ቀጥሎ አንዲት ጀርመናዊት ተዋናይ ትርጉሙን ማንበብ ጀመረች። ምዕራፉ እኔ መጽሐፉን ከወረወርኩበት የሚቀጥለው ነበር።

ባልየው ጥርሱን አሞት ከሥራ ቀደም ብሎ ይመጣል። ቁምሳጥኑን ሲከፍት የሚስቱ ልብስ የለም። መልሶ ይዘጋዋል። ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው አውቶቡስ ፌርማታ ሄዶ ይቀመጣል፤ አውቶቡሶቹ ይቆሙለታል፣ አይሳፈርም። ወደ ማምሻው ሚስቱ ሻንጣዋን ይዛ ስትመለስ ያያታል። አይነሳም። ልብሷን ሰቅላ እስክትጨርስ እዚያው ይጠብቅና ገብቶ «እራት ምንድን ነው?» ይላታል።

ሰዎቹ አጨበጨቡ። ኪሮስ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ ታች ያያቸዋል። ጥያቄ ያለው ሲባል እኔ አልተነሣሁም።

ውጪ ፌርማታው ላይ ስንደርስ ነው አፌ የተከፈተው። «ለእኔ ሳትነግር ለእሷ?»

«ጠየቀችኝ» አለ። «ፍጅሉን እያረምን። የሚስትህን ስም አልጠራም፣ አንተ ምን ተሰማህ የሚለውን ብቻ እጽፋለሁ አለች። ካሰልን ለእሷ ነግሬ ለአንቺ መናገር አቃተኝ። ዛሬ እኔ አጠገብሽ ሆኜ እንድትሰሚው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ከተጋባን ጀምሮ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ ደግሞ አቅፌው መጮህ አማረኝ።

«እኔ እኮ ለተን ሰደብኳት» አልኩት። «ወሬኛ አልኳት። እሷ ናት ብዬ።»

ፊቱ ተለወጠ። «ለተን?»

«ካሰል መሄዴን ከእሷ ሌላ ማን ያውቃል? አንተስ ካሰል መሆኔን ከማን ሰማህ?»

ሳልጨርሰው ገባኝ። ኪሮስ ፌርማታው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ቁምሳጥኑን አይቼ ለእሷ ነው የደወልኩት» አለ። «ልትሞት ይሆናል ብዬ ፖሊስ ልጠራ ነበር። ካሰል ናት፣ አሁን አነጋገርኳት፣ ትመለሳለች አለችኝ። ከቤት ውጣላት፣ ልብሷን ትስቀል፣ ምንም አትጠይቃት አለችኝ። ማወቅህን ካወቀች በኀፍረት ትሄዳለች፣ እንደ ነገርኩህም ለማንም እንዳትናገር ብላ በልጄ አስማለችኝ። ለኢሪኖም እሷን አላነሳሁም።»

የኡንተርሊደርባህ አውቶቡስ መጣ። ተውነውና ወደ ዞሰንሃይም ሄድን። ለተ የምትኖርበት ሕንፃ ሥር ቆመን ደወሏን ተጫንኩ።

«ማነው?» አለ ድምፅዋ ከግድግዳው ማነጋገሪያ።

«እታለም ነኝ። ከኪሮስ ጋር ነን።» ወደ ማነጋገሪያው ተጠጋሁ። «ለተ፣ ነገረኝ። ያን ቀን ለእሱ ያልሽውን ሁሉ ነገረኝ።»

 ያን ጊዜ ስልክ ላይ ዝም ያለችው ለምን እንደሆነ አሁን አውቄዋለሁ።

«ደስ ብሎኛል» አለች። «እውነቴን ነው። ተሸክሜው ደክሞኝ ነበር።»

ከላይ በሩን ትከፍትልኛለች ብዬ እጄን እጀታው ላይ አደረግሁ።

«አሁን ግን ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አለችኝ።