የአቶ ወዳጆ ግንባር

አቶ ወዳጆ ከዘመሮ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የበር ጥበቃ ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ግንባራቸው ላይ ቡጢ የሚያህል የአጥንት እብጠት ስላለባቸው፣ የሱፍ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ሳይስቡ ሰው ፊት አይቀርቡም። ልጃቸው ጽናት እዚያው አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። በር ላይ ስታገኛቸው እንደማታውቃቸው ሆና ማለፍ ከጀመረች ቆይታለች።

አንድ ማክሰኞ የባዮሎጂ መምህሩ አትናቴዎስ በጽናት ክፍል ሰሌዳው ላይ ትንሽ ዳይኖሰር ሳለ። በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ ቅጠል የሚበላ፣ ክብደቱ ከአንድ ሙክት የማይበልጥ፤ አናቱ ግን እንደ ጉልላት ያበጠ ድፍን አጥንት። ሥዕሉ አላረካውም መሰለኝ፣ ተማሪ ልኮ አቶ ወዳጆን አስጠራ።

እሳቸው የተሰበረ ወንበር ያለ መስሏቸው መዶሻ ይዘው መጡ። መምህሩ ኮፍያቸውን እንዲያወልቁ በትሕትና ጠየቃቸው። አመነቱ፤ ግን መምህርን እምቢ ማለት አያውቁበትም። አወለቁ።

አትናቴዎስ ግንባራቸውን በማስመሪያ ኳ ኳ እያደረገ ቀጠለ። «የዚህ እንስሳ አጥንት እዚህ ጋ አራት ጣት ይወፍራል። አንጎሉ ከኋላ ተሸጉጦ፣ ትንሽ ነው። በግንባሩ ይዋጋ ነበር የሚሉ አሉ። ጋሽ ወዳጆ፣ እስቲ ጎንበስ ይበሉ።»

ጎንበስ አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ጓደኞቿ ዞረው ሲያዩዋት ጽናት ከሁሉም በላይ ሳቀች።

ወደ ቤት ሲሄዱ አባቷ ነገሩ ምን እንደነበር ጠየቋት። ስለ ራስ ቅል ትምህርት መሆኑን፣ መምህሩን እንደረዱት ነገረቻቸው። አቶ ወዳጆ ደስ አላቸው። ያ እብጠት ለአንድ ነገር ይጠቅማል ያላቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ጋቢያቸውን አጥበው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ለሌሎቹ ክፍሎችም ይፈለጉ እንደሆነ በማግስቱ ራሳቸው ሄደው ጠየቁ። ተፈለጉ። በሦስት ክፍል እየዞሩ ጎንበስ አሉ። ጽናት ልትነግራቸው ትችል ነበር።

ዓርብ ዕለት ትዕዛዙ የሚባል ጎረምሳ ተማሪ «እንዋጋ፣ ዳይኖሰር» ብሎ በር ላይ በግንባሩ ገጫቸው። በጀርባቸው ወደቁ፤ አፍንጫቸው ደማ። የሚሳቅበት ምን እንደሆነ ተማሪዎቹ ያኔ ዘርዝረው ነገሯቸው። ልጃቸው መሳቋንም ጨመሩላቸው።

ቤት ገብተው ፊታቸውን ከታጠቡ በኋላ፣ «አንቺም ሳቅሽ?» አሏት።

«አዎ፣ አባዬ።»

እሷ ስታለቅስ እሳቸው እራታቸውን በሉ።

ሰኞ የባዮሎጂ ፈተና ነበር። አትናቴዎስ ሲመጣ አቶ ወዳጆ እንደ ወትሮው ብድግ ብለው እጅ ነሱ። ትዕዛዙንም አሳለፉት። ጽናት ስትደርስ ክንዳቸውን ዘረጉባት።

«መታወቂያ።»

ቤት ረስታዋለች። «አባዬ፣ ፈተና እኮ ነው» አለች።

«መታወቂያ የሌለው አይገባም። የማን ልጅ እንደሆንሽ በምን አውቃለሁ?»

በሩን ዘጉት። ለመነች፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ያንን ሁሉ ዳገት ሮጣ መታወቂያዋን ይዛ ስትመለስ ፈተናው አልቆ ተማሪው እየወጣ ነበር። አቶ ወዳጆ ተቀበሏት፤ ፎቶውንና ፊቷን ቀስ ብለው አስተያዩ።

«ግቢ» አሏት።