ወልደ ማን?

አሜሪካኖች የማይሸጡት ነገር የለም፤ መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት የሚያዳምጥ ዘንግ ሳይቀር ይሸጣሉ። አበጋዝ ዘንጉን የተዋሰው ፌርፋክስ ሰፈር መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከሚያሠራው አለቃው ነው። አለቃው በእረፍት ቀኑ የተቃጠሉ አሮጌ ቤቶች እየዞረ የጥንት ሳንቲም ይለቅማል። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አበጋዝ ዌስት አዳምስ ሰፈር ሲደርስ፣ ከዚያ ሁሉ የእንጨት ቤት የቀረው በሩ ብቻ ነበር። ግድግዳም ጣሪያም የለ፣ በር ብቻ። በጎን በኩል መግባት እየቻለ በበሩ ገባ። ሊያንኳኳም ዳድቶት ነበር።

ብርሃነመስቀል የሞተው እዚህ፣ በቃጠሎው ነው። ለትምህርት ከአዲስ አበባ አብረው መጥተው፣ አበጋዝ ወደ ፌርፋክስ እስኪዛወር ድረስ አንድ ክፍል ተጋርተው ነበር። ቀብሩ እንደ ነገሩ ተፈጽሟል። ፍትሐት ግን አልተደረገለትም፤ በከተማው የኛ ቄስ የት ተገኝቶ! አሁን ለአርባው አንድ ቄስ ከኒውዮርክ ሊመጡ ነው። ነገ እሑድ ይደርሳሉ። በስልክ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

የሚያውቅ ጠፋ። ጓደኛ ጓደኛውን በክርስትና ስሙ አይጠራ!

«እናቱ ጋ ልደውል?» ብሎ እዚሁ ከተማ ያለችውን ነርስ እትዬ ተናኘወርቅን አማክሯት ነበር።

«ሶ፣ ኮል አድርገህ ‹የልጅዎ የክርስትና ስም ማን ነው?› ልትላቸው ነው?» ብላ ጮኸችበት። «እሱ እኮ መርዶ ነው! በዚያ በደካማ ልባቸው!»

እማማ ዘርትሁን የአንድ ልጃቸውን ሞት ገና አልሰሙም። የሚያረዳቸው ሰው አልተገኘም። ስለዚህ የቀረው ከሬሳው ላይ ያልተገኘው መስቀሉ ነው። ልጆቹ ካገር ሲወጡ እማማ ዘርትሁን ሁለት አንድ ዓይነት የብር መስቀል አሠርተው፣ በየጀርባው የክርስትና ስማቸውን አስቀርጸው፣ በገዛ እጃቸው አንገታቸው ላይ አስረውላቸው ነበር። አበጋዝ የጓደኛውን መስቀል ያኔ ገልብጦ አይቶታል። «ወልደ» የሚለው ትዝ ይለዋል። ወልደ ማን? እሱ ላይ ይጠፋበታል።

የራሱን መስቀል የት እንዳደረገው ግን አሳምሮ ያውቃል። አንድ ምሽት፣ ተማሪው ሁሉ ለውይይት እዚሁ ቤት በተሰበሰበበት፣ ማተቡን ከነመስቀሉ በጥሶ «ይኸው፣ የአድኃሪ ገመድ!» ብሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወረው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብርሃነመስቀል ብቻ አልሳቀም።

አሁን በሕልሙ ይመጣበታል። በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። «ብርሃነ!» ሲለው አይዞርም። «ወልደ…» ሲለው ትከሻው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ይጠብቃል። አበጋዝ የሚጨምርለት የለውም። ይነቃል፤ ከዚያ መተኛት ይፈራል።

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ዘንጉን አመዱ ላይ ያወዛውዝ ጀመር። ወዲያው ጮኸ። ሚስማር። ደግሞ ጮኸ። ማጠፊያ፣ ማንኪያ፣ ሚስማር፣ አሁንም ሚስማር። አሮጌ ቤት ሲቃጠል ሚስማሩን እንደ ጤፍ ይዘራዋል። በጩኸቱ መሀል የሚያቃስት ሰው ያለ እየመሰለው ስንት ጊዜ ማዳመጫውን አውልቆ ዞር ዞር አለ። ከበሩ በቀር የቆመ ነገር አልነበረም።

ከብርሃነመስቀል አልጋ የተረፈው ሽቦ ካለበት አጠገብ ድምፁ ቀጠነ። ተንበርክኮ አመዱን በጣቱ ጫረ። አንድ ክንዱ የቀለጠ፣ የጠቆረ መስቀል ወጣ። አበጋዝ ሳያስበው ተሳለመው። ምራቁን እንትፍ ብሎበት በሸሚዙ እጅጌ አሸው። ፊደሉ ብቅ አለ፤ «ወ» ግን አይደለም። «ኃ» ነው። ኃይለ ጊዮርጊስ።

የራሱ የአበጋዝ የክርስትና ስም ነበር።

ብርሃነመስቀል ከቆሻሻው አውጥቶ፣ ትንፍሽ ሳይል፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ይዞለት ኖሯል። አበጋዝ ሌላውን መስቀል ፍለጋ የዘንጉ ባትሪ እስኪሞት ድረስ አመዱን አገላበጠ። አልተገኘም። ሰኞ ቡልዶዘር ይገባበታል።

የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እናቲቱን ላትርፍ ብዬ ነው ያልደወልኩት ሲል ከርሞ ነበር። ውሸቱን ነው፤ የፈራው ለራሱ ነው።

አመሻሹ ላይ ከቤቱ ደወለ። አዲስ አበባ ሊነጋጋ ነው። እማማ ዘርትሁን ራሳቸው አነሡት።

«እማማ፣ አበጋዝ ነኝ። የብርሃነ… የክርስትና ስሙ…»



«ወልደ ሰንበት» አሉ እማማ ዘርትሁን። «ወልደ ሰንበት ነው። ለቄሱ አስረግጠህ ንገራቸው።»

«እማማ፣ ማን ነገርዎት?»

«ማን ይነግረኛል፣ ራሱ መጣ እንጂ! በሕልሜ ደጄ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ብርሃነ ብለው፣ ብለው፣ እምቢ አለኝ። በክርስትና ስሙ ስጠራው ጊዜ ዞረ። አንገቱ ላይ ሁለት መስቀል አድርጓል። ያሠራኋቸው እኔ፣ አይጠፉኝም። አበጋዝ፣ ልጄ፣ ያንተ መስቀል እሱ አንገት ላይ ምን ይሠራል?»

አበጋዝ መስቀሉን ጨበጠው።

«ሲጠብቅልኝ ነው፣ እማማ» አለ።