ከወረታ እስከ ወይራው፣ ደርሶ መልስ

1

ኪሎ ሜትር 14። ድልድዩን እንደተሻገራችሁ ከብስክሌት ውረዱ። መንገዱ ስለከበደ አይደለም፤ እስካሁን ሜዳ ነበር፣ ከዚህ በኋላም ሜዳ ነው። ውረዱና ዙሪያችሁን እዩ። በግራ ሩዝ፣ በቀኝ ሩዝ፣ መሃል ላይ ዝም ብሎ የሚሄድ ወንዝ። ውኃ ጠጡ። ፎቶ አንሱ። የሚያስቸኩላችሁ ነገር የለም።

2

ይህን የጻፈችው ትርንጎ ጌጡ ናት። ባሕር ዳር ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት፣ ብስክሌት ለሚወዱ እንግዶች የሚሆን የመንገድ መምሪያ እንድታዘጋጅለት ቀጥሯታል። ከወረታ ተነስቶ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ በወይራ ጫካ* የተከበበ አንድ ደብር ድረስ ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር፤ በሌላ መንገድ መመለሻው ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር። ትርንጎ በመምሪያ ነገር ቀልድ አታውቅም። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ትወርዳለች፣ ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ የጻፈችውን ጮክ ብላ ታነባለች።

አብሯት የሚጓዘውና የምታነብለት ሰው ይርዳው ነው። ይርዳው ወረታ ውስጥ ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ ትርንጎን ሰባት ዓመት ያውቃታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከባዱ ነገር የወደቀው እሱ ላይ ስለሆነ እኛም ከእሱ አንለይም።

አባቷ አቶ ጌጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። በብስክሌቶቹ የኋላ ጎማ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉትን የሸራ ቦርሳዎች የሰፉት እሳቸው ናቸው። ሁለት ወር ታመው ነበር፤ አሁን ተሽሏቸዋል። ትናንት ቀና ብለው ተቀምጠው ምሳ በልተዋል። «ሂጅ፤ እኔን ስትጠብቂ ሥራሽን እንዳታጭ» ያሏትም ራሳቸው ናቸው።

እኔ ይህን የምጽፈው ትርንጎ እንደምታውቀው አድርጌ ነው። ለጊዜው።

* የእኛ ወይራ የውጭ አገሩ ወይራ አይደለም፤ ፍሬው ለወፍ እንጂ ለሰው አይሆንም። ድርጅቱ ግን «እንግዶች ወይራ ሲባል ይወዳሉ» ብሏል። ይውደዱ።

3

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር። ድልድዩ ላይ። የትርንጎ ስልክ ካርታ ሲመዘግብ ባትሪው አልቋል። የይርዳው ስልክ ጠራ።

አያ ፈንቴ (የትርንጎ አጎት)፦ ይርዳው ነህ?

ይርዳው፦ ነኝ አያ ፈንቴ። እንዴት አደሩ? ትርንጎን ልስጥዎት?

አያ ፈንቴ፦ ተው! አጠገብህ ናት?

ይርዳው፦ ፎቶ እያነሳች ነው። ራቅ ብላለች።

አያ ፈንቴ፦ ጌጡ አረፈ። ሰማኸኝ?

ይርዳው፦ ሰማሁ።

አያ ፈንቴ፦ እናንተ በሌሊት ከወጣችሁ በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ነው። እንዳትነግራት። መርዶ ሜዳ ላይ አይነገርም። ብትወድቅብህ ማን ያነሳልሃል? እቤቷ ትግባና ሰው ከቦ ይዟት ነው።

ይርዳው፦ ታዲያ ምን ብዬ ልመልሳት?

አያ ፈንቴ፦ ያሻህን በል። ብቻ አድርሳት። አባቷን ሳትሸኝ እንዳትቀር፣ አደራህን።

4

«ይርዳው! ና እይ፣ ና እይ! ይህችን ወፍ እያት፣ አረማመዷ ልክ እንደ አንተ!»

ሳቀ።

ምን ያድርግ።

5

ለማያውቅ አንባቢ፦ እዚህ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። የሞተበትን ሰው መንገድ ላይ አግኝቶ እንደ ወሬ የሚነግር የለም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሰው ይከባል፣ እንዲህ ተደርጎ ነው። ሩቅ ያለ ሰው ሲሆን ደግሞ «እገሌ ትንሽ አሞታል፣ ና» ተብሎ ይጠራል። ችግሩ፣ ይህን ዘዴ የማያውቅ ሰው የለም። «ትንሽ አሞታል» የተባለ ሰው ነጠላውን ሳያነሳ ማልቀስ ይጀምራል። ስለዚህ ይርዳው እንዲህ ማለት አይችልም። እውነቱንም መናገር አይችልም። የቀረው ውሸት ነው፤ ይርዳው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው።

6

ይርዳው በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ የዋሻቸው ውሸቶች፦

ሀ. «ዝናብ ሊመጣ ነው።» ትርንጎ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ጉም የሚባል ነገር የለም። «ፀሐይ መታህ እንዴ?» ብላ ቆቧን ሰጠችው።

ለ. «ሆዴን ቆረጠኝ፣ እንመለስ።» ኪኒን አውጥታ አስዋጠችው፤ ጥላ ሥር አስተኝታ ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቀችው። ቤት አድርሱኝ ያለን ሰው እዚያው አስተኝተው ሲያስታምሙት እንዴት እንደሚያናድድ ያወቀው ያኔ ነው።

ሐ. «የኋላ ጎማዬ ተንፍሷል።» ይህን ራሱ አስተንፍሶት ነው። ትርንጎ ብስክሌቱን ገልብጣ፣ ከመነዳሪውን ከጎማው ውስጥ አውጥታ፣ ቀዳዳ ፍለጋ ወንዙ ውስጥ ነከረችው። ቀዳዳ የለም። «ጠጋኝ ነኝ ትላለህ ደግሞ!» ሃያ ደቂቃ።

መ. «ድርጅቱ ደውሎ ነበር፤ ቶሎ ተመለሱ ብሏል።» ይህ ትንሽ ሰራ። «እንግዲያውስ ወይራውን ቶሎ ደርሰን እንመለስ፤ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው የቀረው። ወይራ የሌለው የወይራ መንገድ ምን ብዬ ላስረክብ?»

ይርዳው በልቡ አሰላ። ዘጠኝ ሲደመር ሃያ ሦስት፣ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር። ሜዳ ነው። በስምንት ሰዓት ወረታ ይገባሉ። ስሌቱ ልክ ነበር።

ክርስትናውን አላሰበም እንጂ።

7

ኪሎ ሜትር 23። ደረሳችሁ። ዛፎቹን ማንም አይቆርጣቸውም፤ የደብሩ ናቸው። ጥላው ቀዝቃዛ ነው፣ ቅጠሉ ነፋስ ሲነካው በአንድ ወገን አረንጓዴ፣ በአንድ ወገን ብር ይመስላል። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። አባቴን ሲሻለው ይዤው የምመጣው እዚህ ነው። (ማስታወሻ ለራሴ፦ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አውጪው።)

8

ከደብሩ አጥር ሥር ካለው ቤት ከበሮ ይሰማል። ሰማንያ ቀን የሞላት ሕፃን ክርስትና ተነስታለች። አያትየዋ ሁለቱን ብስክሌተኞች አይታ እስከ መንገዱ መጣች።

«በሞቴ! የእግዜር እንግዳ ሳይቀምስ ያልፋል እንዴ? እኔን ይግደለኝ!»

«እማማ፣ እንቸኩላለን፣» አለ ይርዳው።

«አንቸኩልም፣» አለች ትርንጎ።

ገቡ። ትርንጎ በላች። ከበሮው ሲደምቅ ተነስታ ጨፈረች፤ ሕፃኗን ተቀብላ አቀፈቻት፤ ከሴቶቹ መሃል ቆማ እልል አለች። የማን እልልታ ረዝሞ ይቆያል ተባብለው ሲፎካከሩ አሸነፈቻቸው። ይርዳው በሕይወቱ ለሰው እንዲህ አዝኖ አያውቅም፤ የሚያዝንላት ልጅ ደግሞ ከፊቱ እየሳቀች ነው።

አያትየዋ ትርንጎን ግንባሯን ሳመቻት።

«እናት አባት አሉሽ ልጄ?»

«እናቴ የለችም። አባቴ አለ።»

«እድሜ ይስጥልሽ።»

«አሜን።»

«አንተስ ምነው ዝም አልህ? አሜን በል እንጂ!»

ሰው ሁሉ ወደ ይርዳው ዞረ።

«አሜን፣» አለ።

9

እንዲህ ያለ ቦታ ብትቀመጥ የምታደርገው፦

እጅህን ታጠብ። ጎርሰህ አኝክ። መዋጥ ካቃተህ ጠላውን ተጎንጭ። ሰዓትህን አትይ። አየህ? አየህ። ስድስት ተኩል። እንደገና አትይ። ሰባት። እሷ ስትስቅ አብረህ ሳቅ። ስታይህ ቀና በል። «ደስ አይልም?» ስትልህ «ደስ ይላል» በል። ሰባት ተኩል። ተነስ። አሁን ተነስ። ምርቃት ሳይቀበሉ አይወጣም ቢሉህም ቆመህ ተቀበል።

10

ኪሎ ሜትር 31። መመለሻው መንገድ ላይ። ስምንት ሰዓት ከሩብ።

አንዲት ባጃጅ ከኋላ ደርሳ ቆመች። ውስጧ እትዬ ውዴ አለች። እትዬ ውዴ የአቶ ጌጡ ደንበኛ ናት፤ አንድ ቀሚስ ከፋሲካ ጀምሮ አልጨረሱላትም። ትርንጎን ባገኘች ቁጥር «አባትሽ ሳልለብሰው ሊያስቀብረኝ ነው!» ሳትል አልፋ አታውቅም።

ዛሬ ወረደች። ትርንጎን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ።

«ወዴት ነሽ እትዬ ውዴ?»

«እንዲያው… ገበያ ብዬ ነው።»

ማክሰኞ ገበያ የለም። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። እትዬ ውዴ ተመልሳ ገባች፤ ባጃጇ አቧራዋን አስነስታ ሄደች።

ስለ ቀሚሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

11

ትርንጎ የብስክሌቷን መሪ ይዛ ቆመች።

«ይርዳው።»

«እ?»

«ትንሽ አሞታል በለኝ።»

«ትንሽ… አሞታቸዋል።»

አልወደቀችም። አያ ፈንቴ ትወድቃለች ብሎ ነበር፤ አልወደቀችም።

«ስንት ሰዓት ነው?»

ምኑ ብሎ አልጠየቃትም።

«ዘጠኝ።»

12

ነዳች።

13

ኪሎ ሜትር 32።

ኪሎ ሜትር 35።

ኪሎ ሜትር 38።

ኪሎ ሜትር 41።

ኪሎ ሜትር 46።

(መምሪያው ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው። ቁጥሮቹን ጧት ከመነሳቷ በፊት አስቀድማ ጽፋቸው ነበር። እኔ ልሞላቸው እችል ነበር፤ እየጮኸች አለቀሰች፣ ካቴናዋ ወለቀ፣ ይርዳው አጠገቧ እየነዳ ጀርባዋን በአንድ እጁ ገፋላት ብዬ። ሆኗልም። ግን የእሷ ገጽ ነው።)

14

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ሳጥኑ ወረታ ካለው ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ላይ አርፏል። ጸሎቱ አልቋል። ካህናቱ ሁለት ጊዜ «እንግዲህ ይበቃል» ብለዋል። አያ ፈንቴ ዱላውን ተደግፎ ሳጥኑ ፊት ቆሟል።

«ልጁ ሳትመጣ አፈር አይነካውም። ቅስፈት ቢሆን በኔ ላይ ይሁን።»

ከዚያ ከታች የብስክሌት ጎማ በጠጠር ላይ ሲንሸራተት ተሰማ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። ትርንጎ ብስክሌቷን ወርውራ ሮጠች፤ አያ ፈንቴ በሁለት እጁ ተቀበላት፤ እሱም እንደ ልጅ አለቀሰ። ደረሰች። ይህን በግልጽ ልጻፈው፤ ደረሰች። አባቷን ሸኘች።

ይርዳው አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ከጧት ጀምሮ ያፈነውን አለቀሰ።

15

ከአርባው በኋላ ትርንጎ መምሪያውን ይዛ ወደ ይርዳው መጠገኛ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ድርጅቱ ከመመለሻው የቀረውን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ሁለቱ የጎደለውን አብረው ሞሉት፤ መታጠፊያውን፣ ጥላውን፣ ውኃ ያለበትን። ሥራው ካለቀ በኋላም አልተነሳችም።

ትርንጎ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳታባብለኝ።

ይርዳው፦ እሽ።

ትርንጎ፦ አጎቴ ነግሬዋለሁ አለኝ። ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ከአንተ ልስማው ብዬ ነው።

ይርዳው፦ ምኑን?

ትርንጎ፦ ያን ቀን እልል ብያለሁ ይርዳው። ሰው እያሸነፍኩ እልል ብያለሁ። የኔ አባት እቤት ተገንዞ። ሌሊት ሌሊት የሚሰማኝ ያ እልልታ ነው። ብቻዬን የነበርኩ ከሆነ እችለዋለሁ፤ ማንም ሳያውቅ፣ እኔም ሳላውቅ። አንተ እያወቅህ እያየኸኝ ከነበረ ግን… አላውቅም። ወይም ደግሞ አንተ ስታውቅ ይሻለኛል። እሱንም አላውቅም።

ይርዳው፦ ትርንጎ…

ትርንጎ፦ ሴትዮዋ እድሜ ይስጥልሽ ስትል አሜን ብለሃል። አሜን ያልኸው ምን ብለህ ነው?

ይርዳው ካቴና የነካውን እጁን በጨርቅ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። ጨርቁን አስቀመጠ። አንተም አንባቢ፣ አንችም፣ መቼ እንደሰማ ታውቁታላችሁ፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። መምሪያውን ወደ እሱ ገፋችለት፤ እስክሪብቶውን ላዩ ላይ አደረገችለት።

ትርንጎ፦ ኪሎ ሜትር ስንት ላይ ነው የሰማኸው?

ይርዳው፦ ኪሎ ሜትር…