የወንድም ጋሼ ኮምፒውተር

ሌባ ግን አላለኝም፣ እሱን እንኳ አፉን ሞልቶ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፣ ፕሮሰሰሩ ተቀይሯል ነው ያለው፣ ተቀይሯል፣ በራሱ እግር ወጥቶ የሄደ ይመስል፣ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ጥሩውን አውጥቼ ደካማ ተክቼበታለሁ ማለቱ ነው፣ እና ይኸው ወንድም ጋሼ ሱቄ ውስጥ ከኋላዬ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ እጄን እጄን ያያል፣ የእናቴ ልጅ፣ ታላቄ። ባለፈው ሳምንት አቧራውን ጠርጌ፣ ማራገቢያውን ቀይሬ፣ ተሸክሜ ቤቱ ድረስ የወሰድኩለት ኮምፒውተር። ፍጥነቱ ካርቶኑ ላይ ሦስት ነጥብ ሁለት ጊጋኸርዝ ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ዜሮ ነጥብ ስምንት፣ የቢሮ ጓደኛው አይቶ ተሸውደሃል አለው፣ የቢሮ ጓደኛው ይታመናል፣ እኔ አልታመንም።

እሺ። ረጋ በይ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ትክክል ነው፣ የቦርዱ ባትሪ አልሞተም። ሙቀት? ማራገቢያው ይዞራል፣ ብረቱ ለብ ብሏል እንጂ አይፋጅም፣ ሙቀትም አይደለም። እፈታዋለሁ፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት እጠርጋለሁ፣ ይኸው የፕሮሰሰሩ ስም አናቱ ላይ ተቀርጿል፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው፣ ና እየው ጋሼ፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ጽሑፍማ ማንም ይጽፋል ይላል። ማንም ይጽፋል! ቁጭ ብዬ በመርፌ ስቀርጽ አደርኩ እንግዲህ። ምን አድርጌው ነው ግን፣ ትምህርት ቤት ስንሄድ እጄን ይዞ አስፋልት ያሻገረኝ ሰው እኮ ነው፣ መኪናው እስኪያልፍ ጣቶቼን ጭምቅ አድርጎ፣ ያው እጅ ነው፣ ያው ጣት፣ ዛሬ የሚጠብቃቸው እንዳይሰርቁ ነው።

አዲስ ቅባት ቀብቼ እገጥመዋለሁ፣ አስነሳዋለሁ፣ ዜሮ ነጥብ ስምንት፣ ደሜ ይፈላል፣ እማዬስ ታውቃለች? እላለሁ ሳልዞር። ነግሬያታለሁ ይላል፣ እናት አይደለች፣ ምን እደብቃታለሁ። ነገራት። እዚህ ሳይመጣ፣ እኔን ሳይጠይቀኝ።

የኃይል አጠቃቀም ማስተካከያውን እከፍታለሁ፣ ኧረ በስማም፣ ቁጠባ ላይ ነው፣ የመጨረሻው ቁጠባ፣ ፕሮሰሰሩ ከሩብ አቅሙ በላይ እንዳይሮጥ ታስሯል፣ እኔ ስሰጠው እንዲህ አልነበረም፣ ጋሼ ይሄን ማን ነካው? ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እኔ ነኝ፣ ስክሪኑ መብራት ይቆጥባል ሲል ጊዜ... የእማዬን ፍሪጅ ማታ ማታ የሚነቅል ሰው! ሰው ሳሎን ተቀምጦ አምፖል የሚያጠፋ! ወይ ጉድ፣ ራሱ አስሮት እኔን ይከሰኛል። አንዴ ጠቅ፣ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፣ አንድ ነጥብ አምስት፣ ሁለት ነጥብ ሰባት፣ ሦስት ነጥብ ሁለት፣ አየህ? አየሁ ይላል፣ ታዲያ መጀመሪያውኑ አትነግሪኝም ነበር። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

ደውልላት። ለማን? ለእማዬ፣ አሁኑኑ፣ እዚሁ ፊቴ። ይደውላል፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ አዎ እማዬ፣ እሷ ጋ ነኝ፣ አዎ፣ አስተካክላዋለች፣ እንደ ድሮው ሆኗል። በቃ? እኔ ነኝ ያበላሸሁት በላት እንጂ፣ በላት፣ አይልም፣ አንዴ ታናግርሽ ብሎ ስልኩን ያቀብለኛል።

የኔ ልጅ ትላለች፣ ድምጿ እንዲህ ሲለሰልስ የማውቀው ታምሜ ስተኛ ብቻ ነው፣ እንኳን መለስሽለት፣ እኔ እንደሆንኩ የዚያኑ ዕለት ይቅር ብዬሻለሁ።

እማዬ፣ እኔ እኮ አልወሰድኩም።

አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ አውቃለሁ፣ ትላለች፣ ልክ ድሮ ስኳር አፌን ሞልቶት አልበላሁም ስላት ትለኝ እንደነበረው።